አንድ ኪሎ በርበሬ በስንት ይሸጥ? ከሚዛኑ እስከ ቴሌብሩ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ቤቴ መጣችና «አክስቴ፣ ባልትና ጀምሬያለሁ። በመጀመሪያው ዙር ብቻ 5,400 ብር አተረፍኩ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ግን 19 ዓመት የትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥ ሆኜ የሠራሁ ሴት ነኝና «እስቲ ደብተርሽን አምጪ» አልኳት። ደብተር የላትም፤ ግማሹ ስልኳ ውስጥ፣ ግማሹ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። ቡና እያፈላሁ አንድ በአንድ አስቆጠርኳት። አቦሉ ሲቀዳ አትራፊ ነበረች፤ ቶናው ላይ ስንደርስ 2,000 ብር ከስራ ተገኘች። በረካውን ሳትጠጣ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ጀማሪዎችም ሲጠይቁኝ ያንኑ ስለምደጋግም፣ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ኮልፌ ቤቴ ውስጥ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ በቴሌግራም እሸጣለሁ። የማውቀው በርበሬ ስለሆነ ምሳሌዬም በርበሬ ነው፤ እናንተ ሳሙናም ሸጣችሁ ልብስ፣ አቆጣጠሩ አይለወጥም። የምጠቅሳቸው ዋጋዎች የዚያን ሰሞን የደብተራችን ቁጥሮች ናቸው፤ ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። መርካቶ ወጥታችሁ «በዚህ ዋጋ ስጡን» እንዳትሉ።

«በ600 ገዝቼ በ900 ሸጥኩ»

የልጅቷ ስሌት ይህ ነበር፦ ዛላውን መርካቶ በርበሬ በረንዳ ኪሎውን በ600 ብር ገዛች፤ የተፈጨውን በ900 ሸጠች። በኪሎ 300 ብር፣ በ18 ኪሎ 5,400።

«ስንት ኪሎ ነበር የገዛሽው?» አልኳት።

«ሃያ።»

«ስንት ሸጥሽ?»

«ዐሥራ ስምንት።»

«ሁለቱ ኪሎስ?»

ዝም አለች። ሁለቱን ኪሎ ማንም አልሰረቃትም። ዛላው ተቀንጥሶ፣ የነጣውና የሻገተው ተለቅሞ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ ሲገባ ከ20 ኪሎው 17 ኪሎ ያህል ቀረ። ቅመሙና ጨው ሲገባበት ክብደቱ ከፍ አለ፤ ድልሁ እንደገና ተሰጥቶ ሲደርቅና ወፍጮ ቤት ሲደርስ ደግሞ ወረደ። መጨረሻ ላይ ሚዛን ላይ የወጣው 18 ኪሎ ነው። የምትገዙት በዛላ ኪሎ፣ የምትሸጡት በዱቄት ኪሎ ነው፤ ሁለቱ ኪሎዎች አንድ ስም ይኑራቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ከስልክም ከቻናልም በፊት ሚዛን ግዙ። ስትገዙ መዝኑ፣ ከቅንጠሳ በኋላ መዝኑ፣ ከወፍጮ መልስ መዝኑ። ሦስቱንም ጻፉ።

ከዚያ ወጪውን ዘረዘርን፤ ደብተሬ ላይ አሁንም አለ፦

ዛላ በርበሬ 20 ኪሎ — 12,000
ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል — 1,100
ኮረሪማ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ ድምብላል፣ በሶብላ፣ ቅርንፉድ — 2,300
ጨው — 50
ታክሲና ተሸካሚ — 450
ቀንጥሳ ለወቀጠች ሴት የቀን ሥራ — 1,200
ወፍጮ — 400
ከረጢትና መለያ ወረቀት — 450
ማመሻ፣ ከሰልና ኤሌክትሪክ — 250

ድምሩ 18,200 ብር። ለ18 ኪሎ ሲካፈል አንዱ ኪሎ 1,011 ብር ፈጅቷል። እሷ በ900 ሸጣ 16,200 ብር ሰበሰበች። ብሩ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ስለሚገባ ትርፍ መሰላት። ዛላውን የገዛችበት ብር የደመወዟ ነበር፤ ታክሲው ከቦርሳዋ፣ ቅመሙ ከእናቷ ጓዳ። ከየት እንደወጣ ያልተጻፈ ወጪ እንደ ነጻ ይቆጠራል።

በዚህ ላይ ራሷን አልቆጠረችም። ሦስት ቀን ሙሉ አሰጥታ፣ አምሳ፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ፣ አሽጋለች። ለቀን ሥራዋ 800 ብር ብንይዝላት 2,400 ይመጣል። «አክስቴ፣ እሱማ ትርፌ ነው» አለችኝ። አይደለም። ነገ ብታመም እነዚያን ሦስት ቀናት የሚሠራላትን ሰው በብር ነው የምትቀጥረው። የራስ ደመወዝ ወጪ ነው፤ ትርፍ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ነው። እሱ ሲጨመር ድምሩ 20,600፣ አንዱ ኪሎ 1,144 ብር ይሆናል። መነሻ ዋጋ ማለት ይኼ ነው። ከዚህ በታች የተሸጠ ኪሎ ሁሉ ስጦታ ነው፤ ስጦታ መስጠት ክፉ አይደለም፣ ግን ለማን እየሰጣችሁ እንደሆነ እወቁ።

በመነሻው ላይ እኔ 15 በመቶ እጨምራለሁ፦ 1,316፣ ተጠጋግቶ 1,320 ብር። በኪሎ 176 ብር ትርፍ። አንድ ዙር ቢበላሽ፣ ሚዛኑ ቢሰበር፣ ዛላ ቢወደድ የሚሸፍነው እሱ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። በመነሻ ዋጋ ላይ 15 በመቶ ስለጨመርኩ ከሽያጬ 15 በመቶ አተረፍኩ ማለት አይደለም። 176ን ለ1,320 ብታካፍሉት 13 በመቶ ከምናምን ነው። ከሽያጩ 20 በመቶ እንዲቀራችሁ ከፈለጋችሁ መነሻውን ለ0.8 ማካፈል አለባችሁ፤ 1,144 ለ0.8 ሲካፈል 1,430 ይመጣል።

ልዩነቱ ቅናሽ ሲመጣ ያንገበግባል። ደንበኛ «ለእኔ 10 በመቶ እንኳ አትቀንሺም?» ስትል ትንሽ ነገር የጠየቀች ይመስላል። ከ1,320 ላይ 10 በመቶ 132 ብር ነው። ትርፌ 176 ነበር፤ 44 ብር ቀረልኝ። አሁን አንድ ኪሎ ሸጬ አገኘው የነበረውን ለማግኘት አራት ኪሎ መሸጥ አለብኝ። ስለዚህ ዋጋ አልቀንስም፤ ለቋሚ ደንበኛ ትንሽ ሚጥሚጣ በላስቲክ ጠቅልዬ እጨምርላታለሁ። እኔን የሚያስወጣኝ 20 ብር ነው፣ እሷ ዘንድ ግን ከ132 ብሩ ይበልጥ ይታወሳል።

«እዚያኛው ቻናል ላይ እኮ 950 ነው» የሚል ሰው በየሳምንቱ ይመጣል። ሊሆን ይችላል። ወይ ከገጠር ዘመድ ዛላ ይላክላቸዋል፣ ወይ በአንዴ ሦስት ኩንታል ስለሚፈጩ ወጪው ይከፋፈልላቸዋል፣ ወይ ደግሞ እንደ እህቴ ልጅ ገና ቶናው ላይ አልደረሱም። የሰው ዋጋ የገበያውን ጠረን ይነግራችኋል እንጂ የእናንተን ወጪ አይነግራችሁም።

በዚህ አጋጣሚ፦ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ነገር ተዉት። ዋጋውን ከፎቶው ሥር ጻፉት። የሚጠይቁኝ ሰዎች የሚገዙ ሰዎች መሆናቸውን ያየሁት ዋጋ መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ነው፤ በፊት ማታ ማታ «ስንት ነው?» ስመልስ ነበር የማመሸው። ማድረሻውንም ለብቻው ጻፉ። ዋጋው ውስጥ ከደበቃችሁት ኮልፌ ያለችዋ ለቦሌዋ ሞተር ትከፍላለች።

የነገው ዛላ

የሒሳብ ደብተር ስለ ትናንት ነው፤ ገበያ ግን ነገ ነው የምትወጡት። የእህቴ ልጅ በሁለተኛው ዙር በ1,320 ሸጠች፤ 23,760 ብር ሰበሰበች። ጥሩ። ወደ በርበሬ በረንዳ ስትመለስ ዛላው 750 ገብቷል። ሌላው ሁሉ ባይጨምር እንኳ ያው 20 ኪሎ ከነሙሉ ወጪው አሁን 23,600 ይፈጃል። ኪሷ የቀረው 160 ብር። አልከሰረችም፣ ደመወዟንም አግኝታለች፤ ግን ትርፏን ዛላው በላው።

ስለዚህ ዋጋ የምተምነው በገዛሁበት ብቻ ሳይሆን መልሼ በምገዛበት ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ ለሁለት ነጋዴዎች ደውዬ የዕለቱን ዋጋ ጠይቄ ደብተሩ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከጨመረ፣ በጓዳ ያለው ሳያልቅ የእኔንም አስተካክላለሁ። «ያንቺ እኮ በድሮ ዋጋ የተገዛ ነው» የምትል ደንበኛ አለችኝ፤ ልክ ናት፣ የሚቀጥለው ግን በድሮ ዋጋ አይገዛም።

ይህን አጥብቄ የያዝኩት ከ2016 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ነው። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እኔ ዶላር ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር። ቅርንፉዱና ቀረፋው ከባሕር ማዶ እንደሚመጣ፣ የማሽግበት ላስቲክ ጥሬ ዕቃም እንደዚያው እንደሆነ ያስታወሰኝ የከረጢት ነጋዴው ነው።

ጭማሪ ስታደርጉ ደግሞ አትሸማቀቁ። ከሦስት ቀን በፊት ቻናሉ ላይ «ከሰኞ ጀምሮ ኪሎው ይህን ያህል ነው» ብላችሁ ጻፉ፣ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጨምሩ። ምሬት አያስፈልግም። እኔ አንድ ጊዜ ስለ ኑሮ ውድነት ረጅም ነገር ጽፌ መልስ ስጽፍ ዋልኩ፤ በርበሬ ግን አልሸጥኩም።

አቅርቦት፦ ፀሐይ ያለችበትን ወር መቁጠር

በክረምት ዝናብ የሚበቅለው በርበሬ ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር የማረቆውም፣ የአላባውም፣ የቡሬውም ዛላ ይገባል፤ ዋጋው የሚረግበው ያኔ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ዛላው ይወደዳል፣ ፀሐይ ትጠፋለች፣ እንቁጣጣሽ ይመጣል፣ ሰው ሁሉ ዶሮ ሊሠራ ነው። ሦስቱ በአንድ ላይ ይመጣሉ። ገንዘብ ካላችሁ ጥር ላይ ለክረምቱ የሚሆናችሁን ዛላ ግዙ። ግን ሳይፈጭ ዛላውን አስቀምጡ፤ የተፈጨ በርበሬ ሽታው ቶሎ ይለቃል። ከመሬት ከፍ ባለ ነገር ላይ፣ አየር በሚገባው ጆንያ።

ሲገዛ ማየት ያለባችሁን ልንገራችሁ። ዛላውን ጆሯችሁ ጋ አስጠግታችሁ ነቅንቁት፤ የደረቀ ከሆነ ፍሬው ውስጥ ይንሿሿል። አጥፉት፤ የደረቀ ይሰበራል፣ እንደ ቆዳ የሚተጣጠፍ ከሆነ እርጥበት አለው። እርጥብ ዛላ ስትገዙ ውሃ በበርበሬ ዋጋ እየገዛችሁ ነው። አንዳንዱ ነጋዴ «እንዳይሰባበር ብዬ ነው» እያለ ውሃ ያርከፈክፋል። እጃችሁን ከጆንያው መሀል ከትታችሁ አውጡ፣ ከላይ ያለው ሁልጊዜ ቆንጆ ነው። ማረቆ ፋና የሚባለው ዝርያ ጠቆር ባለ ቀይ ቀለሙ ነው የሚፈለገው፤ ፈዛዛ ከሆነ ስሙ ማረቆ ቢባልም ደግማችሁ ተመልከቱት።

ሻጋታ ላይ ቀልድ የለም። ከፍታችሁ ውስጡ ግራጫ ወይም ጥቁር ዱቄት ካያችሁ ጣሉት፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በመታመስም በመፈጨትም አይጠፋም። «ተለቅሞ ይቀላቀላል» የሚል ወቃጭ ካጋጠማችሁ ወቃጭ ቀይሩ።

መቼ ነው ገበያ የሚወጣው? በርበሬው ሲያልቅ አይደለም። እኔ በሳምንት አራት ኪሎ ተኩል እሸጣለሁ። ከመርካቶ ተነስቶ ተቀንጥሶ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ እንደገና ደርቆ፣ ተፈጭቶ እስኪታሸግ በጋ ላይ 12 ቀን ይፈጃል። በ12 ቀን ውስጥ ስምንት ኪሎ ያህል ይሸጣል። መብራት ቢጠፋ፣ ዝናብ ቢመጣ፣ ወፍጮ ቤቱ ቢዘጋ ለሚል የአንድ ሳምንት መጠባበቂያ ስጨምር 12 ኪሎ። ስለዚህ ጓዳዬ 12 ኪሎ ሲቀር ታክሲ እይዛለሁ። ዕቃው ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር አስምሬበታለሁ፤ የልጅ ልጄ ሳይቀር «እማዬ፣ መስመሩ ጋ ደረሰ» ትለኛለች። ዐቢይ ጾም ሲገባ መስመሩን ለሽሮ ከፍ አደርጋለሁ፣ 55 ቀን ነው፣ ቀልድ አይደለም።

ሐምሌና ነሐሴ ከዋሽንግተንና ከሌላም ለዕረፍት የመጡ ሰዎች ሲመለሱ ሻንጣቸው ውስጥ ለመያዝ ያዝዛሉ። አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፤ ከእሱ ላይ አሥሩን ለበርበሬ የሚሰጥ ሰው አለ። መልካም ትእዛዝ ነው፣ ግን የሚመጣው ፀሐይ በሌለችበት ወር ስለሆነ ግማሹን ቀብድ ሳልቀበል ዛላ አልገዛም። አንዷ አሥር ኪሎ አዝዛ፣ በረራዋ ተቀይሮ፣ ሳትወስድ ሄደች። አፍራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በርበሬው ግን እስከ መስቀል ከእኔ ጋር ነበር።

ሁለት ነጋዴ ይኑራችሁ። ለአንዱ ታማኝ መሆን ጥሩ ነው፤ እሱ ሲታመም ግን እናንተ አትታመሙ።

ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም

አሁን እኔ ወደ ከሰርኩበት። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ አዲስ ደንበኛ አምስት ኪሎ አዘዘ። 6,600 ብር። «ከፍያለሁ» ብሎ የቴሌብር ስክሪንሾት ላከልኝ፤ ስሜ አለ፣ የስልኬ ቁጥር አለ፣ አረንጓዴው ምልክት አለ፣ የግብይት ቁጥሩ ሳይቀር አለ። ሞተረኛው በር ላይ ቆሟል፤ «ማዘር፣ ቶሎ በይልኝ፣ ሌላ ዕቃ አለኝ» ይላል። ሰጠሁት። ማታ ሒሳብ ልዘጋ ስል ብሩ የለም። ደንበኛውም የለም፣ አካውንቱን አጥፍቶታል።

አስቡት፤ 19 ዓመት ሙሉ ወላጅ ያመጣልኝን የባንክ ደረሰኝ ከባንኩ የሒሳብ መግለጫ ጋር ሳላመሳክር ለአንድም ተማሪ ደረሰኝ ቆርጬ አላውቅም። ዳይሬክተሩ ቢቆጡ እንኳ። ስልክ ላይ ሲሆን ግን ፎቶ አይቼ አመንኩ። ያን በርበሬ ለመሥራት 5,720 ብር ወጥቶብኛል፤ በኪሎ 176 ብር እያተረፍኩ ለመተካት ወደ 33 ኪሎ መሸጥ ነበረብኝ። ሁለት ወር ማለት ይቻላል ለዚያ ሰው ሠራሁለት።

ከዚያ በኋላ ያወጣሁት ደንብ እነሆ። ደንበኛ ከማዘዙ በፊት ያነበው ዘንድ ቻናሉ አናት ላይ ተሰክቷል፦ «ዕቃው የሚወጣው ገንዘቡ በእኔ ሒሳብ ላይ ሲታይ ነው።» ስክሪንሾት ሲመጣ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ የራሴን መተግበሪያ ከፍቼ ቀሪ ሒሳቤን አያለሁ፣ የግብይት ቁጥሩን ከራሴ ዝርዝር ጋር አመሳክራለሁ። ደንበኛው በላከው ሊንክ ገብቼ አላይም። ኔትወርክ ከሌለ ሞተረኛው ይጠብቃል ወይም ይሄዳል። ሐቀኛ ደንበኛ አንድም ቀን ተቆጥቶብኝ አያውቅም፤ የሚቸኩልባችሁ ሰው ካለ ያንኑ ችኮላውን እንደ መረጃ ያዙት።

አጭር መልእክትም እንደ ስክሪንሾት ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ጽሑፉ ቃል በቃል አንድ ሆኖ ከላይ ግን በ09 ወይም በ07 የሚጀምር የሰው ስልክ ቁጥር ካለ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው ነው። እኔ እንኳን ከሰው ስልክ የመጣውን፣ ከ127 የመጣውንም በሒሳቤ አረጋግጣለሁ።

ሌላው ዓይነት ልብ የሚነካው ነው። «2,000 ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አንዲት ሴት እያለቀሰች ትደውላለች፤ «እናቴ፣ ለሆስፒታል የምልከው ነበር፣ ተሳስቼ እርስዎ ጋ ገባ፣ በፈጠረዎት ይመልሱልኝ።» ስትመልሱ የራሳችሁን ብር ነው የምትልኩት፤ የገባ ነገር የለም። መጀመሪያ ሒሳባችሁን እዩ። እውነትም ገብቶ ከሆነ እንኳ ራሳችሁ አትላኩ፣ በላከችበት ድርጅት በኩል እንድታስመልስ ንገሯት። እንባው እውነት ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው።

ኮዱን ማንም አይጠይቅም

«ከቴሌ ነው የምደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ።» ያ ቁጥር የቤታችሁ ቁልፍ ነው። ባንክም ሆነ ቴሌ የሚስጥር ቁጥራችሁን ወይም በመልእክት የመጣውን ኮድ በስልክ አይጠይቅም። ጠያቂው ስማችሁን ቢያውቅ፣ የሰፈራችሁን ስም ቢጠራ ዝጉት። ከፈለጋችሁ እናንተ መልሳችሁ ደውሉ፤ ቴሌብር 127፣ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ንግድ ባንክ 951።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚጠለፈው በወዳጁ ነው። የምታውቋት ሴት «ልጄ ውድድር ላይ ነው፣ በዚህ ገብተሽ ድምፅ ስጪልኝ» ትላለች። ሊንኩ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ኮድ። ኮዱን ስታስገቡ አካውንታችሁ ሄደ፤ ወዳጃችሁም እንደዚያው ተጠልፋ ነው። ቻናላችሁ፣ የደንበኞቻችሁ ዝርዝር፣ ሁሉም ከእጃችሁ ይወጣል፤ ሌባውም በእናንተ ስም «ቀብድ ላኩ» ማለት ይጀምራል።

መከላከያው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቴሌግራም ውስጥ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ግቡና የራሳችሁን ተጨማሪ የይለፍ ቃል አብጁ፤ ማስመለሻ ኢሜይልም አስገቡ። የልጃችሁን ስም ወይም የልደት ቀን አታድርጉት። የእኔ አራት ከጓዳ የተለቀሙ፣ እርስ በርስ የማይገናኙ ቃላት ናቸው። ከዚያ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱ፤ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ አስወጡት። ተጠልፌያለሁ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ፍጠኑ፦ አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያው 24 ሰዓት የቆዩትን ስልኮች ማስወጣት አይችልም፤ ያን ጊዜ የእናንተ ስልክ የበላይ ነው። ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ አትበሉ።

ቻናሉን አስመስለው የሚከፍቱም አሉ። የእኔን ፎቶ፣ የእኔን ጽሑፍ ወስደው ስሙ ላይ አንድ ፊደል ቀይረው ከፍተው ነበር። ደንበኛ ናት የነገረችኝ። አሁን የምቀበልበትን ስምና ሒሳብ ቻናሉ ላይ ሰክቼ «አይቀየርም፣ ከተቀየረ በድምፄ ደውዬ ነው የምነግራችሁ» ብዬ ጽፌያለሁ። «የባንኩ አዲሱ መተግበሪያ» ተብሎ በቴሌግራም የሚላክ ፋይልም አትጫኑ፤ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ካልሆነ አይነካም።

የደንበኛ ምስጢርም የእናንተ ዕቃ ነው። «ደንበኞቻችን እየከፈሉ ነው» ብሎ ስምና ስልክ የሚታይበት ደረሰኝ የሚለጥፍ ነጋዴ አያለሁ። እንደ ማስታወቂያ ያየዋል፤ አጭበርባሪው ግን ማን በቅርቡ እንደገዛ፣ ስንት እንደከፈለ፣ በየትኛው ቁጥር እንደሚገኝ ያነብበታል። የደንበኞቼ ስምና የቤት ምልክት ያለው በደብተር ነው፤ ደብተሩ ከሽሮ ጣሳው ጀርባ ነው።

የመጨረሻው ስልኩ ራሱ ነው። ሲም ካርዱ በእናንተ ስም ይመዝገብ፤ በወንድም ወይም በቀድሞ አከራይ ስም የተያዘ ሲም ሲጠፋ በእናንተ መታወቂያ አይተካም። የሲም መቆለፊያ ቁጥር አብሩ። ስልክ ሲቆለፍ መልእክት ከላይ እንዳይነበብ አድርጉ፤ ካልሆነ ሌባው ሳይከፍተው ኮዱን ያነብበዋል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልክ ከተወሰደባችሁ መጀመሪያ 994 ደውላችሁ ሲሙን አዘጉ፣ ቀጥሎ ቴሌብሩንና ባንኩን፤ ለስልኩ ዋጋ በኋላ ይታዘናል።

127ን፣ 994ንና 951ን በወረቀት ጽፌ ሚዛኑ ሥር ለጥፌአቸዋለሁ። የእህቴ ልጅ አይታ ሳቀችብኝ፤ «አክስቴ፣ ስልክሽ ላይ መያዝ አትችይም?» አለች። «ስልኩ እኮ ነው የጠፋው» አልኳት። ሦስተኛውን ዙር ሠርታ ስትመጣ ደብተር ይዛ ነበር፤ የውስጥ ሽፋኑ ላይ ሦስቱን ቁጥሮች ጽፋቸዋለች፣ ከቁጥሮቹ በታች ደግሞ በቀይ፦ «ዛላ 20፣ ከቅንጠሳ በኋላ 17.2፣ ከወፍጮ 18.1።»